ከማሳው የሄደው፣ ከደብሩ የቀረው

በደብረ ኤልያስ ዙሪያ ባለ የገበሬ ግቢ በበጋ የማይቀር ሥራ አለ። ማለዳ ከብቶቹ ከበረት እንደወጡ እማወራዋ እበቱን ታፍሳለች፤ ጭድ ጣል አድርጋ በእጇ ታሸዋለች፤ እያድበለበለች ከግቢው ጥግ፣ መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ካብ ላይ ትጠፈጥፈዋለች። በመዳፏ ጫን ስትለው አምስት ጣቶቿ ኩበቱ ላይ ይታተማሉ። ፀሐይ አንድ ፊቱን ስታደርቀው ታገላብጠዋለች፤ ጨርሶ ሲደርቅም ለክረምት ትከምረዋለች። ሐምሌ ገብቶ እንጨቱ ሁሉ ሲርስ የእንጀራው ምጣድ የሚግለው በዚሁ ኩበት ነው።

ኩበቱ ውስጥ ያለው ግን ማገዶ ብቻ አይደለም። ላሚቱ የበላችው ገለባ ከማሳው የሳበው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታስየምና ካልሲየም አለበት። እሳት ሲበላው ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታስየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ደግሞ የሚደፋው ሩቁ ማሳ ላይ ሳይሆን ጓሮ ነው። የጓሮው አፈር ጠቁሮ ጎመኑ፣ ጌሾውና ዱባው የሚያምርበት፣ ከቤት በተራቀ ቁጥር ግን መሬቱ እየቀላና እየገረጣ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገበሬው ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም። «መሬቱ ከሳ» ይላል፤ ከብቱ ሲከሳ እንደሚለው።

ከዚያው ግቢ ቀና ሲሉ፣ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ እንደተለመደው፣ ከማሳው መሀል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የደብሩ ዐጸድ ነው። ስለ ማሳው መክሳት የሚመክረው የግብርና ባለሙያ ነው። ስለ ዐጸዱ ዛፎች መመናመን የሚጨነቁት ደግሞ የደን ተመራማሪዎችና የደብሩ ካህናት ናቸው። ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት ስብሰባ፣ በሁለት በጀት፣ በሁለት ዘገባ ይያዛሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ አንድ ነው። ማሳውን ያከሳው፣ ከምድር የወጣው ወደ ምድር አለመመለሱ ነው። ዐጸዱን በሕይወት ያቆየውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር እዚያው መመለሱ ነው። አንዱን ለብቻው ማዳን የሚቻል መስሎ መሥራት ሁለቱንም ያሳጣል።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለ፣ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ወረዳ ነው። ስንዴው፣ በቆሎውና ጤፉ ስም ያለው ነው፤ ከራሱ አልፎ ገበያ ይመግባል። በሌላ በኩል የቅኔ አገር ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ደብር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ቅኔ የሚቆጥረው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ግን ለተማሪው ብቻ አይደለም።

ከማሳው ተነስቶ ወደ አንድ የደብር ዐጸድ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቅዝቃዜውን ነው። ቀጥሎ እግሩ ሥር ያለውን ልስላሴ። የላይኛውን ቅጠል ገለጥ ቢያደርግ ገና ቅርጹ ያልጠፋ የወይራና የዋንዛ ቅጠል ያገኛል። ከሱ ሥር ጅማቱ ብቻ የቀረ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቅጠል አለ። ከዚያም ሥር ቅጠል ይሁን አፈር የማይለይ፣ ጥቁር፣ ነጫጭ የፈንገስ ክር የተሸመነበት፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት ነገር ይመጣል። ጥንዚዛ፣ ምስጥ፣ የመሬት ትል፣ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እዚያ ሥራ ላይ ናቸው። ዛፉ አምና ያወጣውን ካልሲየምና ፎስፈረስ ዘንድሮ ቅጠል አድርጎ ጣለው፤ እነሱ ፈጩት፤ ሥሩ መልሶ ወሰደው። ዑደት የሚባለው ይህ ነው። ማዳበሪያ የሚያመጣለት የለም፣ የሚያጭድበትም የለም፤ እንዲያም ሆኖ ደኑ ለዘመናት ቆሟል።

ማሳው ላይ ይህ ክብ ሦስት ቦታ ተበጥሷል። እህሉ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ገለባው ወደ ከብት፣ እበቱም ወደ እሳት ይሄዳል፤ አፈሩ ራሱ በክረምት ጎርፍ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስቶርቮገልና ስማሊንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ስሌት፣ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 41 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 6 ኪሎ ፎስፈረስና 26 ኪሎ ፖታስየም ከተመለሰለት በላይ ያጣ ነበር። አኃዙ የአገር አማካይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ማሳ አይሠራም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፦ ገበሬው በየዓመቱ ከአፈሩ ሲበደር ቆይቷል።

ከሦስቱ ንጥረ ነገሮች ናይትሮጅን ቢሄድም የሚመለስበት በር አለው፤ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። ፎስፈረስ ግን በአየር አይመጣም። ምንጩ ዐለት ነው፤ አንዴ በጎርፍ ከሄደ በሰው ዕድሜ አይመለስም። ለብዙ ሺህ ዓመት የግብፅን ማሳ ያለመለመው ደለል ከዚሁ ከደጋው የተላጠ አፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ያንን ደለል ወደ ኋላ አስቀርቶታል፤ ዛሬ ደግሞ ከጎጃም ተዳፋት የሚወርደው አፈር ገና እዚሁ አገር ውስጥ፣ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ መያዝ በጀመረው የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ ማሳው ላይ የሚሠራ እርከን የግድቡም ዕድሜ ነው።

እርከን ምን እንደሚያድንና ምን እንደማያድን በደንብ የታየበት ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ደምበጫ ውስጥ አንጀኒ የሚባል፣ ስፋቱ 113 ሄክታር የሆነ አነስተኛ ተፋሰስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በተመሠረተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከተመረጡት ጣቢያዎች አንዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማሳዎቹ ላይ «ፋኛ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራ፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተወረወረ የሚካብ፣ ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ የእርከን ዓይነት። እርከኖቹ እየሞሉ ደረጃ ሠሩ፤ የሚታጠበው አፈር ቀነሰ። ሆኖም በዚሁ ፕሮግራም ጣቢያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ የማይመች ነገርም አሳዩ። አፈሩ ቢቀርም ምርቱ ወዲያው አልጨመረም። ይህ ሊያስገርም አይገባም። እርከን የሚሄደውን ያቆማል፤ የሄደውን አይመልስም። ኩበቱ አሁንም ይነዳል።

ደኑስ? የአየር ፎቶግራፍ ይመስክር። ተመራማሪዎቹ ገቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ በዚያው በደምበጫ አካባቢ የ1957፣ የ1982 እና የ1995 (እ.ኤ.አ.) የመሬት ሽፋንን አነጻጽረው ነበር። የተፈጥሮ ደኑ ከ27 በመቶ ወደ 2 በመቶ፣ ከዚያም ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። የታረሰው መሬት ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ ወጣ። አንድ ሰው በአባቱ ዕድሜ የነበረውን ደን በልጁ ዕድሜ በጣት ሊቆጥረው ደረሰ ማለት ነው።

ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለው በጨሞጋ ተፋሰስ ግን ወልደአምላክ በውቀት ያገኙት ሌላ ነው። ከ1957 እስከ 1998 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሯል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። ጨሞጋ ላይ የጨመረው በዋናነት ገበሬው በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የመጣው ይህ ዛፍ ጎጃምን ቤት ሠርቶለታል፣ ማገዶ ሆኖለታል፣ ገንዘብ አምጥቶለታል። ባሕር ዛፍን መርገም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ ሥር በገባ ቁጥር ያን ያህል ኩበት ከእሳት ይተርፋል። በዚህ በኩል ባለውለታ ነው። ደን ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ጫካው የሚታወቅበት ቁጥቋጦ፣ ሐረግና የወፍ ዘር እምብዛም አይገኝም፤ ቅጠሉም እንደ ዋንዛ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። ከሰማይ ሲያዩት ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ስንት ችግኝ ተተከለ እየተባለ በሚዘገብበት አገር ይህን ልዩነት መርሳት ብዙ ያስከፍላል።

እንግዲህ የደጋው ዛፍ ዘር የት ሄደ? ብዙው የተጠለለው ደብሩ ጋ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 35,000 የሚገመቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በሰሜኑ ደጋ የብዙዎቹ ዐጸድ በአካባቢው የቀረ የመጨረሻ የተፈጥሮ ደን ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ዛፍ በዛፍ ቆጥረዋል። ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነበር። በእነዚህ ቦታዎች 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ እጅግ የሚበዙት አገር በቀል ናቸው። ጎጃም ላይ ያለው መልክም ከዚህ አይርቅም፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ። ይህን ሁሉ ያቆየው የደን ሕግ አይደለም። የደብሩ ዛፍ የታቦቱ ልብስ ነው የሚል እምነት ነው።

እምነቱ ዛፉን ከመጥረቢያ ጠብቋል። ከሌላው አደጋ ግን ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም፤ እዚህ ላይ የጥበቃ ሳይንስ የሚለውን መስማት ግድ ይላል። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ባሕር ደሴቶች አንድ ቀላል ነገር አስረዱ። ደሴት ባነሰና ከየብስ በራቀ መጠን የሚኖሩበት የሕይወት ዓይነቶች ያንሳሉ፤ የጠፋውም ቶሎ አይተካም። የጤፍና የስንዴ ባሕር የከበበው ደብርም ደሴት ነው። ዳሩን ነፋስና ፀሐይ ይበላዋል፤ ከመሀል ያለው እርጥብ ቦታ በየዓመቱ ይጠብባል።

የዝግባን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ዝግባ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ብናኙን በነፋስ ይለቃል፤ ሴቷ ብናኙ ሲደርሳት ታፈራለች። ጽድም እንዲሁ ነው። በአንድ ደብር አምስት ግዙፍ ዝግባ ቢቆምና አምስቱም ወንድ ቢሆኑ፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ቢሆንም ዘር የላቸውም። አንዲት ሴት ዝግባ ብቻዋን ማሳ መሀል ብትቀር፣ ነፋሱ ብናኝ የሚያመጣላት ከየት ነው? ለዓይን ዛፉ አለ፤ ለዘር ግን አብቅቶለታል። ዛፍ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ መጥፋቱን የምናውቀው ከጠፋ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ዘር ቢገኝም ፈተናው አያልቅም። እነ ዓለማየሁ የደብሮቹን አፈር እየወሰዱ ሲያበቅሉት የወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ነበር፤ የደጋው ዋና ዋና ዛፎች ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለዓመታት አያከማቹም። ዛሬ የወደቀው ዘር ዛሬ ካልበቀለ ነገ የለም። የበቀለውን ደግሞ ላምና ፍየል ይግጡታል፣ ይረግጡታል። ከብት የተከለከለባቸውን ትንንሽ ቦታዎች ካልተከለከሉት ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ ታየ፤ ችግኙ የቆመው ከብት ባልገባበት ነው። ከዚህ በመነሳት ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የድንጋይ ካብ ማስገንባት ጀመሩ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም አጥር ያገኛል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው፤ ጎጃም ላይም ሊሠራበት የሚገባ ነው።

ካብ ብቻውን ግን ደሴቱን ደሴት አድርጎ ያስቀረዋል። ደብርን ከደብር የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም አዲስ መሬት አይጠየቅም። ወንዝ ዳር፣ ቦረቦር፣ የማሳ ድንበርና የመንገድ ዳር አለ። ገበሬው ዱሮም ዋንዛንና ብሳናን ከማሳው መሀል የሚተወው በከንቱ አልነበረም፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ከሌላው የተሻለ ነው። ወፍ ከደብሩ ፍሬ በልታ ዋንዛው ላይ ስታርፍ ዘር ትጥላለች። እንዲህ ያሉ ዛፎች በየመቶ ሜትሩ ቢኖሩ ለወፏ ድልድይ፣ ለማሳው ቅጠል ይሆናሉ። ችግኝ ጣቢያዎችም ዘር ከየትም ከሚያመጡ ከየደብሩ እናት ዛፎች ቢለቅሙ፣ ከዛፉ ጋር ተወዳጅቶ የሚኖረውን ፈንገስ ለማግኘትም ከደኑ ሥር ጥቂት አፈር ወስደው ከችግኙ ጋር ቢቀላቅሉ፣ የሚተከለው የአካባቢው ዘር ይሆናል።

ወደ ማሳው ስንመለስ ሌላ ጠላት ይጠብቀናል፤ እሱም ኮምጣጣ አፈር ነው። ዝናብ በሚበዛበት በጎጃም ቀይ አፈር ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ታጥቦ ይሄዳል። የቀረውን እህልና ገለባ ይዘውት ይወጣሉ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ይመርዛል። ገብሱና ባቄላው ይቀጭጫሉ። በጮቄ ተራራ ተዳፋት ብዙ ገበሬ ገብስ እምቢ ባለው መሬት ላይ እንግዶ የሚዘራው ለዚህ ነው፤ እንግዶ ኮምጣጣውን ይችላል። የባሰው ደግሞ በውድ የተገዛው ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ካለው ብረትና አሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ መታሰሩ ነው። ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ አለ፤ ተክሉ ግን አያገኘውም።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራው ድንጋይም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ ደጀን ላይ አለ። ክብደቱ ግን ፈተና ነው። ለአንድ ሄክታር በኩንታል ሳይሆን በቶን ይቆጠራል፤ መንገድ እስካለበት በመኪና ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ በአህያና በትከሻ። ማዳበሪያው ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በዩክሬን ጦርነት ሰሞን ዋጋው ሲሰቀል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያም የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ሲጮሁ፣ የተበጠሰው ዑደት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታየ። ኖራ ሳይሰጡ ለኮምጣጣ መሬት ማዳበሪያ ብቻ ማደል የገበሬውን ገንዘብ ለአፈሩ ብረት መገበር ነው።

ጎጃም ግን የራሱ የሆነ አንድ የተናቀ ባለሙያ አለው፤ ግብጦ። ከአረቄና ከጠላ ጋር የሚቆረጠም፣ የድሃ እህል የሚባል። ማንም የማይፈልገው ከሲታ መሬት ላይ፣ ያለ ብዙ እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። ሥሩን ነቅሎ ላየው ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛው እባጭ ነው፤ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ነው። ቀለሙ ደማችንን ከሚያቀላው ጋር ዘመድ ከሆነ ንጥረ ነገር የመጣ ሲሆን፣ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየያዙ ለተክሉ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ለአብዛኛው ሌላ ጥራጥሬ ያልተሰጠው ነው። ፎስፈረስ ሲጎድለው ግብጦ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተንዠረገጉ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል። ከነዚህ ሥሮች ሎሚ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ይፈልቅና በብረትና በአሉሚኒየም የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። ለሌላው ተክል የተዘጋውን ጎተራ የሚከፍት ቁልፍ አለው ማለት ነው። ፍሬው መራራ ስለሆነ ተቆልቶ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ድካም ሳይሆን አይቀርም ያስናቀው። ከስንዴና ከበቆሎ ጋር እያፈራረቁ ቢዘሩት፣ ገለባውንም እዚያው ቢያርሱበት፣ ከውጭ በዶላር ከሚገዛው ጥቂቱን ይተካል።

ኩበቱን ከእሳት የማዳኑ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የግብርና ሳይሆን የወጥ ቤት ነው። እማወራዋን «እበቱን አታንጂው» ማለት «እንጀራ አትጋግሪ» ከማለት አይለይም። ምርጥ ምድጃ ማገዶውን ይቀንሳል። ባዮጋዝ ከዚያም ያልፋል፤ ከእበቱ የሚነደውን ጋዝ ብቻ ወስዶ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ለማሳ የሚሆን ዝቃጭ አድርጎ ይመልሳል። ግን በርከት ያሉ ከብቶችና በቅርብ የሚገኝ ውኃ ይፈልጋል። አንድ በሬ ላለው፣ ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት አይሆንም። ለእሱ የሚቀርበው ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት ማዘጋጀትና ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ድንበሩ ላይ መትከል ነው።

ጥር ሲጋመስ ከደብሩ አጥር ውጭ ባለ ማሳ መሀል የቆመ አንድ ዋንዛ ደረቅ ቅጠሉን ያራግፋል። ቀትር ላይ ከብቶቹ ገለባ ቃርመው ጥላው ሥር ያርፋሉ፣ ያመሰኳሉ፣ እበት ጥለው ይነሳሉ። ጥንዚዛዎቹ ቶሎ ከደረሱ እዚያው ቀብረው አፈር ያደርጉታል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ልጆች ቅርጫት ይዘው ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ ለማታው እራት የሚነድ ነገር የለምና።